ድቡን ያስገባሁት እኔ አይደለሁም

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ድብ ገብቶ የንብ ቀፎዎቻችንን ሲሰባብር፣ የማኅበራችን ሰዎች ተሰብስበው «አጥሩን እማማ አጥፍተው ማብራቱን ረስተውት ነው» አሉ። ማስረጃ አልነበራቸውም። የነበራቸው የእኔ ሽበት ብቻ ነው። ሳይጠይቁኝ ፈረዱ። የፈረዱትም በቁጣ ሳይሆን በርኅራኄ ነው፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው። ቢቆጡኝ ተቆጥቼ እመልስ ነበር። አንገቱን ዘንበል አድርጎ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል» ለሚል ሰው ግን ምን ተብሎ ይመለሳል?

አጥሩን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም። ይህን ካልኩ በኋላ ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

እዚህ አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ጥቂት ቤተሰቦች ነን። ንብ የምናረባው ከሊትልተን አልፎ ተራራው ከሚጀምርበት ኮረብታ ላይ ነው። ቦታው የአንዲት አሜሪካዊት ባልቴት ነው። ባሏ ታሞ አልጋ ላይ በነበረ ጊዜ ልጄ ቤታቸው እየሄደች ታስታምመው ነበር። ሰውየው ካረፈ በኋላ ሴትዮዋ ልጄን እንደ ዘመድ ቆጠረቻት። አንድ ቀን ሲያወሩ ልጄ እናቴ የንብ አርቢ ልጅ ናት ብትላት፣ ከቤቴ ጀርባ ያለው ሜዳ ባዶውን ተቀምጧል፣ ንብ ብታመጡበት ደስ ይለኛል አለች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። ቦታው በማን ምክንያት እንደተገኘ በኋላ ያስታወሰ ሰው የለም።

ማኅበር አቋቋምን። ሰብሳቢ አድርገን የመረጥነው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሴንትራል ፓርክ የሚባለው ሰፈር በኩል አዳዲስ ቤት ሲሠራ ሽቦ የሚዘረጋ፣ እጁ የተባረከ፣ ሲናገር የሚደመጥ ሰው ነው። እኔም እጄን አውጥቼ መርጬዋለሁ።

የእኔ ቀፎዎች በሜዳው ላይኛው ጥግ ከጥዶቹ ሥር ነበሩ። የያዝኳቸው ማር አጥቼ አይደለም፤ ማር ሱቅ ሞልቷል። ያጣሁት ሥራ ነው። ቤት ውስጥ ሳህኑን የሚያጥበው ማሽን ነው። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ይውላሉ፣ ልጄ ሥራ ትውላለች፣ እኔ መስኮት ሥር ተቀምጬ የሰው መኪና ፓርክ ሲያደርግ አያለሁ። ተራራው ላይ ግን «እማማ፣ ይቺን ንግሥት ይዩልኝ፣ ደክማለች ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች ነበሩ። ንቦቹ ሰም የሚሠሩበትን የእንጨት ፍሬም ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጌ አይቼ የተናገርኩት ይደረግ ነበር። በቃ ይኸው ነው። ሰው የነበርኩት እዚያ ነው፤ የወሰዱብኝም እሱን ነው።

በመጀመሪያው መኸር ድብ መጣ። ባደግኩበት አገር ድብ የለም። የንብ ጠላት ስንል የምናውቀው ጉንዳንንና ሌባን ነው። ድብ ማር ይወዳል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ ለካ ከማሩ ይልቅ ሰሙ ውስጥ ያለውን እጭ ነው አጥብቆ የሚፈልገው። ያን ጊዜ የጎዳን ብዙም አልነበረም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኛ መጥቶ አየና፣ ድብ አንዴ ከቀመሰ ይመለሳል፣ የሰው ግቢ መመላለስ የለመደ ድብ ደግሞ መጨረሻው መገደል ነው፣ ስለዚህ አጥር አጥሩ፣ ለንባችሁም ለድቡም የሚበጀው እሱ ነው አለን። ይህን ቃል ያዝኩት። ድቡም መብት አለው ማለት ነው፤ እኛ ካልከለከልነው ጥፋቱ የእኛ፣ ጥይቱ የእሱ ይሆናል።

አጥሩን ሰብሳቢያችን ሠራው። ሥራውን አልክድበትም፣ ጥሩ ሥራ ነበር። ዙሪያውን የብረት ቋሚ ተክሎ ከታች እስከ ላይ ሽቦ ወጠረበት። ከበሩ አጠገብ አንድ ሳጥን አቆመ፤ ከላዩ የሶላር ሰሌዳ፣ ከውስጡ ባትሪ። ሰሌዳው ከፀሐይ የለቀመውን ባትሪው ያጠራቅማል፣ ሳጥኑ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ በሽቦው ይልከዋል። አይገድልም፣ ያስደነግጣል። በሩ የፕላስቲክ እጀታ ስላለው ለመግባትና ለመውጣት አጥሩን ማጥፋት አያስፈልግም፤ እጀታውን ይዘህ ትከፍታለህ፣ ይዘህ ትዘጋለህ። አንድ ረጅም የብረት ዘንግ ደግሞ መሬት ውስጥ ቀበረ። የዚያ ተራራ አፈር ደረቅ ነው፤ ዘንጉ ሥር ውሃ ካልፈሰሰ አጥሩ ይደክማል። በሄድን ቁጥር ውሃ ተሸክሜ የማፈሰው እኔ ነበርኩ፤ አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም። ውሃውን የማትረሳ ሴት ናት እንግዲህ አጥሩን ረሳች የተባለችው።

አንድ ችግር ነበር። የድብ ጠጉር ወፍራም ስለሆነ በጎኑ ሽቦውን ቢታከከው አይሰማውም፤ በአፍንጫው ወይም በምላሱ መንካት አለበት። ስለዚህ ሠራተኛው ሽቦው ላይ የአሳማ ሥጋ አንጠልጥሉ፣ ሊልስ ሲመጣ ይማራል አለን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን የአሳማ ሥጋ ገዝቶ፣ ቆራርጦ፣ በእጁ የሚሰቅል አልነበረም። አንዱ ታክሲ ነጂ «ጎበዝ፣ ድቡ እኮ ኦርቶዶክስ አይደለም» ቢል፣ ሚስቱ «የሰቀለው እጅ ነው ኋላ ማሩን የሚቆርጠው?» አለችው። ሠራተኛው ምን እንደምንከራከር ሳይገባው ቆሞ ያየን ነበር። በመጨረሻ የኦቾሎኒ ቅቤስ አይሆንም ወይ ብለን ጠየቅነው፤ ይሆናል አለ። ፎይል ላይ እየቀባን ሰቀልነው። ታክሲ ነጂው «የጾም ወጥመድ» ብሎ ስም አወጣለት። ሠራም፤ አንድ ጠዋት ፎይሉ ተቀዶ፣ ድቡም ዞሮ ሲሸሽ አፈሩን የቧጨረበትን አይተን ስንስቅ ዋልን።

አጥሩ ሲያልቅ ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሣር ለማጨድም ሆነ ሽቦ ለመጠገን አጥሩን ያጠፋ ሰው፣ ራሱ ያብራ። መጨረሻ የወጣ ያብራ ይባል ያሉ ነበሩ። አይሆንም አልኩ። ሰው ሲበዛ መጨረሻው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ሁሉም ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ ብሎ ይሄዳል። ያጠፋ እጅ ግን ራሱን ያውቃል። ሰብሳቢያችን «ልክ ነዎት እማማ» አለ። ሁሉም ተስማሙ።

ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ተፈትቶ ማር ልንቆርጥ ስንል፣ ቀፎዎቹን እንዲባርኩልን ቄሳችንን ለመንን። ወጣት ቄስ ናቸው። ነጭ በነጭ ለብሰን፣ ምግብ ይዘን፣ በብዙ መኪና ሄድን። ባለ መሬቷም ወጥታ ከእኛ ጋር ቆመች፤ ልጄ አንድ ነጠላ ደርባላት ነበር።

እኔ እንደደረስን በእጀታው ከፍቼ ገብቼ በቀጥታ ወደ ቀፎዎቼ ሄድኩ። ቄሱ ሲደርሱ ጸበሉ በውስጡም ይግባ ብዬ፣ ከክዳኖቹ ላይ ድንጋዩን ማንሳት ጀመርኩ። ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቻለሁ። ከታች ጸሎቱ ተጀመረ፣ ቄሱ ቀስ እያሉ ዞሩ፣ እኔ ጋ ደርሰው ረጩ፣ መስቀል አሳለሙኝ። ከዚያ ሲወርዱ እኔ ክዳኖቹን ልመልስ ቀረሁ። ንብ ከፍቶ መሄድ አይቻልም።

ቄስ ደግሞ ብቻቸውን አይሸኙም። ሁሉም አብሮ ወረደ። አንዱ ጥላ ያዘላቸው፣ አንዱ ቦርሳ ያዘ፣ ሌላው የመኪና በር ሊከፍት ወደ ፊት ሮጠ፣ ሴቶቹ ምግቡን ቋጥረው ተከተሉ። ቄሱ ሳይሄዱ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ላይ የሚመለስ ሰው በእኛ ዘንድ የለም፤ ነውር ነው። እሳቸው ከሄዱ በኋላ ደግሞ ሁሉም መኪናው አጠገብ ቆሟል፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ትራፊኩ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ያወራል። ልጄ ጡሩምባ ነፋችልኝ። እኔ የመጨረሻውን ድንጋይ አስቀምጬ፣ በሩን በእጀታው ዘግቼ ወረድኩ።

ሳጥኑን ለምን አላየሽም የሚሉኝ አሉ። ያላየሁት ደንብ ስላለ ነው። ጠቅታውንስ ለምን አልሰማሽም ይላሉ። ጆሮዬ ያን ጠቅታ ድሮም ሰምቶት አያውቅም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። በመንደር ጉድጓድ ቆፍሮ ክፍቱን ጥሎ የሄደ ሰው እያለ፣ መጨረሻ ያለፈችውን ሴት ለምን አልደፈንሽውም ብሎ የሚጠይቅ ዳኛ አይቼ አላውቅም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ባለ መሬቷ ደወለች። ልጄ ስልኩን ዘግታ «እማዬ፣ ድብ» ብቻ አለችኝ።

ስንደርስ ሌሎቹ ቀድመውን ነበር። ከእኔ ቀፎዎች አንድም የቆመ የለም። ሳጥኖቹ ተፈንቅለው ቁልቁል ተንከባልለዋል፣ ፍሬሞቹ እንደ ማገዶ ተሰባብረዋል፣ ሰሙ ከአፈርና ከጥድ ቅጠል ጋር ተለውሷል። የተረፉት ንቦች አንድ የተሰነጠቀ ክዳን ሥር ጭብጥ አክለው ተጣብቀዋል። በጉልበቴ ተንበርክኬ ንግሥቲቱን ፈለግኋት፣ አጣኋት። ከሌሎቹም ሰዎች የጠፋበት አለ፣ የተረፈለት አለ። ላይኛው ጥግ ላይ ሽቦው ተረግጦ ተኝቷል። ሰብሳቢያችን ሳጥኑን ከፈተና ባትሪው ሙሉ ነው፣ ማብሪያው ግን ተዘግቷል አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። የሠራው ነገር ሲፈርስ አይቶ ነው ብዬ አዘንኩለት።

ማን ነው ያጠፋው ብዬ ጠየቅሁ። ሁሉም አንድ ላይ ጫማቸውን አዩ። አንዷ ሴት፣ ክፋት በሌለው ድምፅ፣ መጨረሻ የወጡት እማማ አይደሉም እንዴ አለች። ሌላው አዎ፣ እኔም ከሳጥኑ አጠገብ ጎንበስ ሲሉ አይቻቸዋለሁ አለ። ጎንበስ ያልኩት ጫማዬ ውስጥ የገባ ጠጠር ላወጣ ነው። እኔ አላጠፋሁም፣ አላበራሁም፣ አልነካሁም አልኩ። ያን ጊዜ ሰብሳቢያችን «ተዉ፣ እማማን አታስጨንቋቸው፤ የሆነው ሆኗል» አለ። ሁሉም ደግነቱን አደነቁ። እኔም በዚያች ሰዓት ደግነት መስሎኛል።

በሳምንቱ ሰብሳቢያችን ቤት፣ ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። እኔ አልተጠራሁም። ልጄ ሄዳ ስትመለስ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ማር ይዛ ነበር። ማኅበሩ ተመካክሮ፣ እማማ ከእንግዲህ ይረፉ፣ ተራራው ይከብዳቸዋል፣ በየዓመቱ ማራቸውን ቤታቸው ድረስ እናደርስላቸዋለን ብሏል። ላይኛው ጥግ ላይ ቀፎ አይመለስበትም።

ልጄን ጠየቅኳት። አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ ምን አልሽ? አንገቷን ደፋች። «እማዬ፣ ሳታውቂው ልትረሺ ትችያለሽ እኮ። እኔም እረሳለሁ» አለችኝ። ማኅበሩን ችዬዋለሁ፤ ይቺን ቃል ግን አልቻልኳትም። ጠርሙሱን በማግስቱ በራሷ እጅ አስመለስኩ። የምጽዋት ማር ቤቴ አይገባም።

ውሸት ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከተራራው ወርዶ ቤቴ ገባ። ልጄ ከኩሽና ስወጣ እየተከተለች ምድጃውን ማየት ጀመረች። የቤት ቁልፌን በአንገቴ እንዳንጠለጥለው ገመድ ገዛችልኝ፤ እንደ ፍየል። የልጅ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አውቶቡስ የምቀበለው እኔ ነበርኩ፤ ያን ሥራ ጎረቤት ወሰደችው። ትንሿ «ግራንማ ፎርጌትስ ስታፍ»፣ አያቴ ነገር ትረሳለች፣ ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅሁም።

በመጨረሻ ሎውሪ ሰፈር ያለ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። ዶክተሯ የምትለውን እየተረጎመ፣ ክብ ሰዓት ሳሉና አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር አድርጉት አለኝ። ሳልኩ። ትንሹን ዘንግ አምስቱ ላይ፣ ትልቁን ሁለቱ ላይ አደረግሁ። ዶክተሯ አየችና አንድ ነገር ጻፈች። ልጄ ከጎኔ ልታለቅስ ደረሰች፤ ቆይቶ ነው የገባኝ። በአማርኛ አሥራ አንድ ሰዓት ከተባለ የማመሻሻ አሥራ አንድ ነው፤ በዚህ አገር ሰዓት ላይ ዘንጉ የሚያርፈው አምስት ላይ ነው። በልጅነቴም፣ እዚህም፣ እንደዚያ ነው የማነበው። ልጄ ራሷ ይህን እያወቀች፣ ክሊኒክ ስትገባ አእምሮዋን በር ላይ ጥላው ገባች። ስነግራት ፊቷን ሸፈነች፣ ለዶክተሯም አስረዳች። ዶክተሯ ስቃ ሌላውን ሁሉ ጠየቀችኝ፤ መለስኩ። ለዕድሜዋ በጣም ደህና ናት አለች። ለዕድሜዋ! ሰው ሐቀኛ መሆኑ በዕድሜ ይለካል እንዴ? የታመመ አእምሮ ፈልገው ሲያጡ እንኳ፣ ታዲያ አጥሩን ማን አጠፋው ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ እኔ ጠየቅሁ። የማኅበሩን ሰው ባገኘሁበት ሁሉ፣ ሰላምታ ሳላስቀድም «አጥሩን ማን አጠፋው?» እላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ጠየቅሁ። ሊትልተን ሠርግ ተጠርቼ፣ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ጠየቅሁ። ልጄ እማዬ በሰው ፊት አታዋርጂኝ አለች፤ እኔን በሰው ፊት ያዋረደኝን አምጪልኝና ዝም እላለሁ አልኳት። ሃቫና መንገድ ላይ ያለው የሐበሻ ሱቅ ስገባ፣ በር ላይ የሚቆሙት ታክሲ ነጂዎች ነገሩን ቀልድ አደረጉት። አንዱ «እማማ፣ ያጠፋው ድቡ ራሱ ነው፤ ጣት አለው እኮ» ይላል። ሌላው ይቀበለውና «የኦቾሎኒ ቅቤ ሰልችቶት ነው፤ ጾሙ ተፈታ ሲባል ሰምቶ» ይላል። መለስኩላቸው፦ «ድቡስ ከእናንተ ይሻላል። የበላውን በልቶ በእኔ አላሳበበም።» ሳቁ። በሌላ ቀን ስመጣ ግን አንደኛው ወንበር አመጣልኝ።

ባለ መሬቷ ሴትዮ ብቻ ነበረች ከእኔ የወገነች። እማማ አርጅተው ነው ሲሏት፣ እኔ ከእሷ በብዙ እበልጣለሁ፣ መኪናዬን እራሴ ነው የምነዳው፣ እኔም ረሳሁ ልትሉ ነው ወይ ብላቸዋለች አሉ። ግን እሷም በዚያ ቀን ያየችው ቄሱን ነው እንጂ ሳጥኑን አይደለም።

ክረምቱ በረዶውን ይዞ እንዲህ አለፈ። ሰብሳቢያችንን ደግሞ ማግኘት ቸገረኝ። ስመጣ ይሄዳል። ስደውል ሥራ ላይ ነኝ፣ መሰላል ላይ ነኝ ይላል። አክባሪ ሰው ስለሆነ እርስዎን ማየቱ አሳዝኖት ነው ይሉኝ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል አዲስ ንብ ሊታዘዝ እንደሆነ ሰማሁ። በዚህ አገር ንብ በፀደይ በሳጥን ታሽጎ ይመጣል፤ ስምህን ቀድመህ ካላስያዝክ የለህም። የሁሉም ስም ተይዟል፣ የእኔ የለም። በዚያው ሰሞን ቄሳችን አስጠሩኝ። በቅዳሴ መሃል ሰዎች እኔን ሲያዩ እንደሚሸሹ አይተዋል። ጾሙ ሳይገባ ይቅር በሉ፣ ቂም ይዞ ጾም የለም አሉኝ። እኔም፦

«አባ፣ እሺ። ይቅር የምለውን ሰው ያሳዩኝና አሁኑኑ ይቅር እላለሁ። ያልታወቀ ሰው እንዴት ይቅር ይባላል? ይቅርታውን ማን ጋ ላድርሰው?»

እሳቸውም ነገሩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ለካ ለእሳቸው የነገራቸው የለም፤ ከማኅበሩ ጋር ተጣላች ብቻ ብለዋቸዋል። ድቡን፣ ሳጥኑን፣ ማብሪያውን፣ ጋራዡን፣ ማሩን፣ ሰዓቱን ሁሉ ነገርኳቸው። ስጨርስ ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ።

ያ አጥር የጠፋው በእኔ ምክንያት ነው እኮ አሉ። ጸበሉን ይዤ ልረጭ ስል ሳጥኑ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ውሃው ሽቦውን ቢነካ ይይዘኛል ብዬ ፈራሁና አንድ ጊዜ አጥፉልኝ አልኩ። ያጠፋልኝን ሰው አየዋለሁ፣ ከፊቴ ነው ጎንበስ ያለው። እርስዎ ላይኛው ጥግ ነበሩ፣ ጀርባዎ ነው የሚታየኝ።

ማን ነው አልኳቸው።

«በንስሐ የሰማሁት አይደለም፤ ስሙን ልነግርዎት እችላለሁ። ግን እናቴ፣ ከእኔ አፍ ከሰሙት እሱ መቼም አይናገረውም። እሱ ራሱ ይምጣ። ካልመጣ እኔ ከሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

ማን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አጥሩን አጥፉ ሲባል እጁ ቀድሞ የሚዘረጋ አንድ ሰው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጣ። ልጄ በሩን ከፍታ፣ ሰብሳቢያችን ነው እማዬ፣ ሊጠይቅሽ መጥቶ ነው አለች። ብርቱካን በፌስታል ይዟል። ተቀመጥ አልኩት፤ ፌስታሉን ግን አልተቀበልኩትም፣ እሱም መሬት ማስቀመጡን ፈርቶ ጭኑ ላይ ይዞት ተቀመጠ። ልጄ ሻይ ላፍላ ብላ ስትነሳ፣ የትም አትሄጂም፣ እዚህ ቁጭ በይ አልኳት። ልጄ እንድትሰማው ፈልጌ ነበር። ከዓለም ሁሉ ይበልጥ እሷ እንድትሰማው።

ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። ስለ በረዶው ተናገረ። አጥሩን ማን አጠፋው አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ።

ልጄ አፏን ያዘች። እኔ ግን አልተንቀሳቀስኩም፤ ይህን ከጠበቅሁ ቆይቻለሁ። እሱ ፌስታሉን እያየ ቀጠለ። ቄሱ ሲያዙት አጥፍቶ፣ ሲጨርሱ ላበራው ብሎ፣ ከዚያ ቦርሳቸውን ሲቀበል፣ ሲሸኝ፣ የመኪናውን በር ሲይዝ ረሳው። ቤቱ ገብቶም ትዝ አላለውም። ድቡ ከገባ በኋላ ሳጥኑን ሲከፍት ነው ያስታወሰው፤ በዚያች ደቂቃ፣ እኛ ሁላችን ዙሪያውን ቆመን። ልናገር ስል ስለ እርስዎ ተነሳ አለ።

መርሳቱን ተውኩለት። ሰው ይረሳል፤ ቄስ ሲሸኝ የረሳ ሰው እግዚአብሔርም አይፈርድበትም። ያልተውኩለት ሌላው ነው። ጋራዡ ውስጥ ሰዎቹን ሰብስቦ፣ እማማ ይረፉ ያለው የራሱ አፍ ነው። እያወቀ። ልጄ ምድጃዬን ስትፈትሽ እሱ ያውቅ ነበር። ሐኪም ቤት ተወስጄ ሰዓት ስስል እሱ ያውቅ ነበር። ይህን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ ድምፄን ከፍ ሳላደርግ። ሲሰማ አንገቱ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። ከዚያ ጠየቅሁት።

«በዚህ ሁሉ ወር፣ ለምን በእኔ ላይ ተውከው?»

ልጄ ታለቅሳለች። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ዓይኔን እያየ፣ እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦

«እማማ፣ አጥሩን የሠራሁት እኔ ነኝ። እኔ ረሳሁ ብል ከዚያ በኋላ ሽቦ የሚያስነካኝ የለም፣ ስሜ ይጠፋል። እርስዎ ረሱ ቢባል ግን ምንም የሚጎድልብዎት አልመሰለኝም።»